ልጆቻችንን ደጅ አታስጠኑ

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ወደ አንዱ ሂዱና በሩን እዩ። ብዙ ጊዜ ተዘግቶ ታገኙታላችሁ። ደጁ ላይ ልጆች ቆመዋል። ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ዘበኛውን በዓይናቸው ይለምናሉ። ከመካከላቸው ቁመታቸው ከበሩ መቀርቀሪያ የማይደርስ የ1ኛ ክፍል ሕፃናት አሉ። ከግቢው ውስጥ መዝሙሩና የርዕሰ መምህሩ ማይክሮፎን ይሰማል። በእነሱ ስም በጀት በተያዘለት ቤት ደጃፍ ላይ ደጅ ይጠናሉ።

ይህን ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ለዓመታት ትንንሾቹን ክፍሎች ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ዛሬም ልጆቼን በእግሬ አደርሳለሁ። የምጽፈው ከሩቅ ሰምቼ አይደለም። ልጅን ከትምህርት ቤት ደጅ የሚመልስ ሥርዓት ምንም ዓይነት ማመካኛ እንደሌለው፣ ቅጣት ሳይሆን በደል እንደሆነ በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ።

የሚያረፍደው ማን ነው? አባቱ በመኪና የሚያደርሰው አይደለም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሌሊት ተነስታ ጀሪካን ስትሞላ ያነጋችው ናት። እናቱ ጉልት ስለምትወጣ ታናሹን አጥቦና አብልቶ፣ ለጎረቤት አስረክቦ የሚሮጠው ነው። ከገጠር መጥታ ዘመድ ቤት የተጠጋችው፣ የሰው ቁርስ አቅርባ ዕቃ ካላጠበች ከቤት መውጣት የማይፈቀድላት ናት። ቤታቸው ከመሀል ከተማ ፈርሶ ዳር ወዳለ ኮንዶሚኒየም የተዛወሩ፣ ትምህርት ቤታቸውን ግን ያልቀየሩ፣ ታክሲ ተራ ላይ ከአዋቂ ጋር የሚጋፉ ናቸው። እነዚህ ልጆች እኩዮቻቸው ተኝተው ሳለ የአዋቂ ሥራ ሠርተዋል። ከዚያ ሁሉ በኋላ ወደ ቤታቸው አልተመለሱም፤ ወደ ትምህርት ቤት መጡ። በዚህ ሀገር ከእነሱ በላይ መማር የሚፈልግ ካለ አሳዩኝ። በሩን የምንዘጋው ግን በእነሱ ላይ ነው።

ከብዙ ደቂቃ በኋላ በሩ ሲከፈትላቸው ደግሞ ዩኒት ሊደሩ አርጩሜ ወይም የጎማ ቁራጭ ይዞ ይጠብቃቸዋል። ከባንዲራው ሥር ጠጠር ላይ ያንበረክካቸዋል። ወረቀትና ፌስታል ያስለቅማቸዋል፤ ሽንት ቤት ያስጠርጋቸዋል። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያልፋል። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ወይም እንግሊዝኛ ነው። ያቺ ጀሪካን ስትሞላ ያነጋችው ልጅ ሁልጊዜ ታረፍዳለች፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ሒሳብ ያመልጣታል። በሰኔ ሒሳብ ስትወድቅ "ሰነፍ ናት" ይሏታል። ማነው የጣላት?

ሕጉን የማያውቅ ርዕሰ መምህር ካለ ላስታውሰው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ስለ ሕፃናት መብት ሲዘረዝር፣ ሕፃን በትምህርት ቤት ውስጥ አካሉን ከሚጎዳ፣ ከጭካኔና ከኢሰብአዊ ቅጣት ነፃ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። ቦታውን፣ ትምህርት ቤትን፣ በስም ጠቅሶ ነው የጻፈው። በ1982 ዓ.ም. የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተር ሲጸድቅ መሪዎቹ የተሰበሰቡት እዚሁ አዲስ አበባ ነበር፤ በትምህርት ቤት የሚወሰድ የሥነ ሥርዓት እርምጃ የልጁን ሰብአዊ ክብር የጠበቀ ይሁን ይላል። በርዕሰ መምህሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ ራእይና ተልእኮ የሚባል ጽሑፍ በመስታወት ተለብጦ ተሰቅሏል፤ አንቀጽ 36 ግን የለም። ለምን አይሰቀልም?

አውቃለሁ፣ አሁን አንዱ ተነስቶ "እኛም በኩርኩምና በአለንጋ ተምረን ነው ለዚህ የበቃነው" ይላል። ይህ ንግግር አንገሽግሾኛል። የሚናገረው የተረፈው ነው። ተገርፎ ደብተሩን የጣለው ልጅ ስብሰባ ላይ እጁን አያወጣም፤ ጋዜጣ ላይ አይጽፍም። ስሙን እንኳ ረስተነዋል። በአንድ ወንበር አብራችሁ ተቀምጣችሁ 3ኛ ክፍል ላይ የቀሩትን አስታውሱና ከዚያ ዱላን አመስግኑ። የትምህርት ሚኒስቴር ዓመታዊ መዝገቦችን ያገላበጠ ሰው እንደሚያውቀው በሀገራችን ልጆች ትምህርት በብዛት የሚያቋርጡት ከፍ ካሉ በኋላ ሳይሆን ገና 1ኛ ክፍል ላይ ነው። የድህነቱ ድርሻ ትልቅ ነው፤ ግጭቱ አለ፤ የመንገዱ ርቀት አለ። ነገር ግን ሰባት ዓመት ጠብቆ በጉጉት የመጣ ልጅ ዓመት ሳይሞላው ሲቀር ወደ ውስጥ የገባው ቤት ምን እንዳሳየው መጠየቅ ግዴታችን ነው። ያንግ ላይቭስ የተባለው ጥናት እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በቬትናም ልጆችን ሲከታተል ኖሯል። ትምህርት ቤትን ለምን እንደሚጠሉ የተጠየቁት ልጆች ደጋግመው የሰጡት መልስ ድብደባና ስድብ ነው። ልጆቹ ነግረውናል፤ ያልሰማነው እኛ ነን።

ለነገሩ የድሮውን ትምህርት በዱላው ብቻ የሚያስታውሱት ሰዎች ዋናውን ረስተዋል። በቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ዳዊት ሲደግም ወላጅ ጠላ ጠምቆ፣ እንጀራ ጋግሮ ይደግስ ነበር። ጎረቤት ተጠርቶ ይመጣል፤ የኔታ ይመርቃሉ። ቁርኣን ያኸተመ ልጅም እንዲሁ ዘመድ ተሰብስቦ ደስታውን ይካፈለዋል። አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ንባብ ተማረ ተብሎ መንደሩ ሁሉ አብሮት ሲደሰት እሱ ስለ ዕውቀት ምን ሊሰማው እንደሚችል አስቡት። እኛ ዘመናዊ ነን ባዮቹ ከዚያ ሁሉ ውርስ ድግሱን ጣልንና አለንጋውን ያዝን።

ዱላው ፍሬ ቢኖረው ኖሮ ደግሞ እስካሁን ባየነው ነበር። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ውጤት ሲነገር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆኑ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከአንድ ሺህ በላይ ነበሩ። ሀገር ደነገጠ፤ ስብሰባ ተጠራ፤ ስለ ኩረጃ፣ ስለ መጽሐፍ እጥረት፣ ስለ መምህራን ብቃት ተወራ። ሁሉም እውነት ነው። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ስብሰባ አንድ ሰው ተነስቶ "እነዚህ ልጆች ለአሥራ ሁለት ዓመት በየጠዋቱ ምን እየተሰማቸው ነው ወደ ክፍል የገቡት?" ብሎ ሲጠይቅ አልሰማሁም። የፈራ ልጅ እጁን አያወጣም። እጁን የማያወጣ ልጅ ያልገባውን አይጠይቅም። ያልገባው ከዓመት ዓመት ይከመርና 12ኛ ክፍል ላይ በቁጥር ይነበብለታል።

ፍርሃቱ በአርጩሜ ብቻ የሚመጣ እንዳይመስላችሁ። መምህሩ ሲወጣ የክፍል አለቃው ሰሌዳው ጥግ ላይ የሚጽፈው የረባሾች ስም ዝርዝር አለ። ሲስቅ ለተገኘ ከስሙ አጠገብ አንድ ኤክስ፣ ሁለተኛ ለሳቀ ሁለት ኤክስ። ልጆቻችን ጓደኛን አሳልፎ መስጠትን የሚማሩት በስምንት ዓመታቸው፣ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ በመምህር ትእዛዝ ነው። ለጓደኛ መሳቅ ወንጀል ሆኖ የሚመዘገብበት ክፍል ውስጥ ስለ ደስታ ማውራት ይቻላል?

ከሁሉም ይልቅ የሚያቃጥለኝ ግን ካርዱ ላይ ያለው ደረጃ ነው። "ስንተኛ ወጣህ?" በዚህ ሀገር ልጅ ሆኖ ይህን ጥያቄ ያልፈራ የለም። አጎት ይጠይቃል፤ ለበዓል የመጣ እንግዳ ቡና እየጠጣ ይጠይቃል። ክፍል ውስጥ ስልሳ ልጅ ካለ አንዱ አንደኛ ይወጣል፤ ሃምሳ ዘጠኙ በየሰኔው አንገት ይደፋሉ። በጥቅምት ፊደል የማይለይ የነበረ ልጅ አስተምሬ አውቃለሁ። ዓመቱን ሙሉ ታገለ። ሰኔ ላይ አንድ ገጽ ሙሉ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ ጣቱን ከቃል ቃል እያንፏቀቀ አነበበልኝ። ያ ልጅ በዚያ ክፍል ውስጥ ከማንም የረዘመ መንገድ የሄደ ነበር። ካርዱ ግን 47ኛ አለው። አባቱ ካርዱን አይቶ ምንም ሳይናገር አጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ልጁ የአባቱን ፊት ሲያይ አየሁት። ማንበቡን ማንም አልጠየቀውም።

ደረጃ የልጁን ዕውቀት አይናገርም። ስንት ሰው እንደቀደመው ብቻ ነው የሚናገረው። ምን እንደቻለ፣ ምን እንደቀረው፣ ክረምት ላይ በምን እንደሚረዳ ከዚያች ቁጥር አንድ ወላጅ ምን ሊያወጣ ይችላል? ከዚያ የወላጆች ቀን ይመጣና ከአንድ እስከ ሦስት የወጡት መድረክ ላይ ደብተርና እስክሪብቶ ይሸለማሉ፤ የቀሩት ያጨበጭባሉ። ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል በየዓመቱ ለሌላ ሰው ብቻ ሲያጨበጭብ ያደገ ልጅ ትምህርት ቤት የእሱ ቤት እንደሆነ በምን ይወቅ?

ሌላ መንገድ የለም እንዳትሉኝ። እዚሁ ከተማ ውስጥ ታይቷል። አስፋው የምሩ የሚባል ልጅ ከገጠር አዲስ አበባ ገብቶ ጎዳና ላይ አደረ። በኋላ ጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት የመማር ዕድል ሲያገኝ ያደረገው የመጀመሪያው ነገር ከተማሪዎቹ ማዕድ የተረፈውን ምግብ ሰብስቦ ውጭ ለቀሩት ማከፋፈል ነበር። ምግብ ብቻውን አልበቃ ሲለው፣ ገና ራሱ ተማሪ ሳለ፣ የጎዳና ልጆችን ዛፍ ሥር ሰብስቦ ማስተማር ጀመረ። ያ ዛፍ ሥር የተጀመረው ነገር አድጎ አሠረ ሐዋርያት ትምህርት ቤት ሆነ። ክፍያ አልነበረም። ደብተር መግዛት ያልቻለ ልጅ አይመለስም ነበር። ልጅን መምታትም ፈጽሞ የተከለከለ ነበር። በዚያ በር ያለፉት ልጆች ብዙ ሺህ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2001 ለአቶ አስፋው የዓለም የሕፃናት ሽልማት ሲሰጣቸው አብዛኛው የሀገራችን ሰው ስማቸውን እንኳ አያውቅም ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. ሲያርፉም እንደሚገባቸው አላለቀስንላቸውም። እኒህ ሰው የጀመሩት ሕንፃ፣ በጀት፣ ላብራቶሪ ኖሯቸው አልነበረም። የነበራቸው አንድ ውሳኔ ነበር፦ የመጣ ልጅ አይመለስም፣ የገባ ልጅ አይመታም። የትኛው የዛሬ ትምህርት ቤት ነው ከአንድ ዛፍ ያነሰ አቅም ያለው?

መንግሥትም ሲፈልግ እንደሚችል አይተናል። አዲስ አበባ ውስጥ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ዩኒፎርም፣ ደብተርና ምግብ በነፃ ሲቀርብ በረሃብ ክፍል ውስጥ ይወድቁ የነበሩ ልጆች ቀና አሉ። መጋቢ እናቶችን ልብ ብላችሁ አይታችኋል? እንጀራውን ሲያቀርቡ "ና የኔ ጌታ፣ ብላ" ይላሉ። ስንት ልጅ በቀኑ ውስጥ የሚሰማው ብቸኛው ደግ ቃል ያ ነው። ለእነዚያ እናቶች ማንም የትምህርት ሥነ ልቦና ኮርስ አልሰጣቸውም። ዲግሪ የያዘው ሰው በር ላይ ጎማ ይዞ ቆሞ፣ ወጥ የምታወጣው እናት ልጁን በፍቅር ስትቀበል ማየት ለእኔ ለትምህርት ባለሙያው ሁሉ ትልቅ ወቀሳ ነው።

ስለ ግል ትምህርት ቤቶችም ዝም አልልም። ወር በገባ ቁጥር ክፍያ የዘገየባቸውን ልጆች ስም ክፍል ለክፍል እየዞሩ በጓደኞቻቸው ፊት የሚጠሩ አሉ። የስድስት ዓመት ሕፃን የአባቷን ዕዳ ተሸክማ ቢሮ በር ላይ ትቆማለች። ደውሉ፣ ደብዳቤ ጻፉ፣ አባትየውን ክሰሱ፤ ልጅቷን ግን አትንኩ! ደግሞ በግቢያቸው አማርኛ መናገርን በቅጣት የሚከለክሉ አሉ። ለሽንት ልትጠይቅ ፈልጋ ቃሉ በእንግሊዝኛ ስላልመጣላት ልብሷ ላይ የሸናች የኬጂ ልጅ እናት አጠገቤ ቁጭ ብላ አልቅሳለች። እንግሊዝኛ ይማሩ፤ እሰየው። ልጅ በእናቱ ቋንቋ ሽንቴ መጣ ማለት የሚፈራበት ቤት ግን ትምህርት ቤት ተብሎ ፈቃድ ሊሰጠው አይገባም።

ይህን ሲያነብ ቅር የሚለው መምህር እንዳለ አውቃለሁ፤ የሥራ ባልደረባዬ ነበርና ልቡን አውቀዋለሁ። ስልሳና ሰባ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ይቆማል። ደመወዙ የቤት ኪራይ ከፍሎ አስቤዛ አይገዛም። በአንዳንድ አካባቢዎች ያቺው ደመወዝ እንኳ ለወራት ዘግይታበታለች። ፈገግ በል ለማለት መጀመሪያ ሆዱ ይሙላ፤ ይህን ለባለሥልጣናቱ ደጋግሜ እናገራለሁ፣ ለእሱም እቆማለሁ። ነገር ግን መምህር ወንድሜ፣ መምህርት እህቴ፣ ደመወዝህን ያሳነሰው የሰባት ዓመት ልጅ አይደለም። የኑሮህን ምሬት ክፍሉ ውስጥ ካለው ሰው ሁሉ አቅመ ቢስ በሆነው ላይ አታውርደው። ስሙን ጠርቶ "ደህና አደርክ?" ለማለት በጀት አይጠየቅም። አባባ ተስፋዬ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ከአርባ ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ለማያዩዋቸው ልጆች ሰላምታ ሲሰጡ ኖሩ፤ ልጆቹ በየቤታቸው ተነስተው ቆመው መለሱላቸው። ማንም አልገረፋቸውም። አንድ ሰው በመስታወት ውስጥ ሆኖ በአክብሮት ሰላም ስላላቸው ብቻ ቆሙ።

"ታዲያ ሥርዓት ይጥፋ ነው የምትሉት?" የሚለኝ አለ። አይጥፋ። ደወሉ በሰዓቱ ይደወል፤ ትምህርት በሰዓቱ ይጀመር። ያረፈደው ልጅ ግን በቀጥታ ወደ ክፍሉ ይግባ። በዕረፍት ሰዓት አንድ መምህር አጠገቡ ቁጭ ብሎ ለምን እንዳረፈደ ይጠይቀው። በሳምንት ሦስት ቀን ካረፈደ ወላጁ ይጠራ፤ ሊሰደብ ሳይሆን ሊረዳ። ውሃ ከሆነ ችግሩ፣ የሕፃን ጥበቃ ከሆነ፣ ዘመድ ቤት የሚያሠሯት ከሆነ፣ ይታወቅ። ያኔ ትምህርት ቤቱ የልጁን ኑሮ ያውቃል። ሚኒ ሚዲያው በዕረፍት ሰዓት የርዕሰ መምህሩን ማስጠንቀቂያ ማስነበቡን ትቶ የልጆቹን ግጥም፣ ቀልድና ዘፈን ያሰማ። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ የክወናና የእይታ ጥበባት ትምህርት ተካቷል፤ ታዲያ ክፍለ ጊዜው ለሒሳብ ማካካሻ አይነጠቅ፤ ልጆቹ ይሳሉ፣ ይዝፈኑ፣ ይጫወቱ። ትምህርት ቢሮዎችም ቢያንስ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ካርዱ ላይ ያለውን የደረጃ ቦታ ሰርዘው በምትኩ መምህሩ ሦስት መስመር የሚጽፍበት ባዶ ቦታ ያድርጉ፦ ምን ቻለ፣ ምን ቀረው፣ ምን ያስደስተዋል።

የቀረኝ ነገር ለወላጆች ነው። ልጃችሁን ስታስመዘግቡ "እንደፈለጋችሁ ቅጡልኝ" ማለት ይቁም። ያን ቃል ስትናገሩ ልጁ አጠገባችሁ ቆሞ ይሰማል፤ የሚጮህለት ሰው እንደሌለ ያን ጊዜ ያውቃል። ነገ ዩኒት ሊደሩ ጠርቷችሁ "ቀጥተነዋል" ሲላችሁ አመስግናችሁ አትውጡ። በምን ቀጣችሁት? ስንት ክፍለ ጊዜ አለፈው? ማን ፈቀደላችሁ? ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ካላገኛችሁ ወደ ርዕሰ መምህሩ፣ ከዚያ ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም ወደ ክፍለ ከተማ ሂዱ። ብቻችሁን አትሂዱ፤ የሌሎቹን ልጆች ወላጆች ይዛችሁ ሂዱ። አንቀጽ 36ን በወረቀት አሳትማችሁ ያዙ፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡትና እስኪያነቡት ድረስ ከወንበራችሁ አትነሱ።